ውኃ ያልከበበው ደሴት

ወዳጄ የእስቴ ልጅ ነው። በልጅነቱ በግ ሲያግድም ሆነ ተማሪ ቤት ሲሄድ ፊት ለፊቱ ተገትሮ የሚያየው የጉናን ተራራ ነበር። ዝናቡ የሚመጣው ከጉና ነው፤ ውርጩም ከጉና ነው። ሆኖም ተራራውን አንድ ቀን እንኳ ሳይወጣው ማትሪክ ወስዶ አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያም ባሕር ማዶ ተሻገረ። ሃምሳ ዓመት ሲሞላው የዓመታት ቁጠባውን አራግፎ፣ ከአርጀንቲና ደቡባዊ ጫፍ ከኡሹዋያ መርከብ ተሳፈረና ደቡብ ጆርጂያ ወደምትባል የበረዶና የነፋስ ደሴት ሄደ። ፔንግዊን ሊያይ ነው የሄደው።

«አፈርኩ» አለኝ ሲመለስ ደውሎ። «መርከቡ ላይ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ ስለ ጅብራና ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ይጠይቀኝ ጀመር። እሱ ሰሜን ተራሮች ድረስ ሄዶ አይቷል። እኔ ጉና ሥር ተወልጄ የምነግረው አጣሁ።»

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ይህን ዕዳውን ሊከፍል መጣ። እኔም አብሬው ሄድኩ።

ከባሕር ዳር ተነሥተን ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጠፍን። ከወረታ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይሉታል። ከቻይናዎቹ ከመቶ ዓመት በፊት ግን በዚሁ አቅጣጫ ሌላ መንገድ ተጠርጎ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ይዘው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ ቋጥኝ እያስፈለጡና ገደል እያስሞሉ ያለፉት በጋይንት በኩል ነው። 7 ሺህ ኪሎ ገደማ የሚመዝነው መድፍ በሰው ትከሻና በጠፍር እየተጎተተ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። እኛ መኪና ውስጥ ተቀምጠን «መንገዱ አደከመን» ለማለት ስንቃጣ እርስ በርስ ተያይተን ዝም አልን።

ወዳጄ መኪናው ውስጥ የመርከቡን ነገር አጫወተኝ። ደቡብ ጆርጂያ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት፣ ነባር ነዋሪ የሌላት ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1965 ድረስ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ሰፍረውባት ባሕሩን በደም አጥበውታል። ከእነሱም በፊት የአቆስጣ አዳኞች በመርከቦቻቸው አይጥ አምጥተውባታል። አይጡ መሬት ላይ የሚፈለፈሉትን ወፎች እንቁላልና ጫጩት እየበላ አንዲትን ትንሽ ዘማሪ ወፍ ከደሴቲቱ አብዛኛው ክፍል አጠፋት። ይህች ወፍ በዓለም ላይ ከዚያ በቀር ሌላ አገር የላትም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 ድረስ በሄሊኮፕተር መርዝ እየነሰነሱ አይጡን አጠፉት፤ በ2018 ደግሞ ደሴቲቱ ከአይጥ ነጻ ሆናለች ብለው አወጁ። ወፏም ተመልሳ መዘመር ጀመረች።

«ከመርከቡ ከመውረዳችን በፊት» አለኝ፣ «ጫማችንን በብሩሽ አስፈግፍገው መድኃኒት ውስጥ ያስነክሩናል። ኪሳችንን ያስገለብጡናል፤ የሣር ፍሬ ይዘን እንዳንገባ። በአንድ ጊዜ ከመቶ ሰው በላይ አይወርድም። ፔንግዊን ካየህ አምስት ሜትር ራቅ ብለህ ትቆማለህ። እሱ ራሱ ወደ አንተ ከመጣ ግን መንገዱን ትለቅለታለህ።»

ሾፌራችን ይህን ሲሰማ ሳቀ። «እኛ ቀበሌ ለጉዳይ ስንሄድም እንደዚያ ነው የሚያደርጉን» አለ።

*

ጉና ከሩቅ ሲታይ እንደ ሰሜን ተራሮች አይፎክርም። ሹል ጫፍ የለውም፤ ጀርባውን ሰጥቶ እንደተኛ በሬ ሰፊና ዝግ ያለ ነው። 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሆነው እሳተ ገሞራ የተሠራ ሲሆን ከፍታው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ርብና ጉማራ ከእሱ ወርደው ፎገራን አጠጥተው ጣና ይገባሉ። በሌላ ወገኑ የሚወርደው ውኃ ደግሞ ቆላውን አቆራርጦ ወደ ዓባይ ይሄዳል። የጣናን ዓሣ የበላ ሁሉ የጉናን ውኃ ቀምሷል ማለት ነው።

ክምር ድንጋይ አካባቢ አስፋልቱን ለቀን በእግር ጀመርን። መንገድ የሚመሩን ሰባ ዓመት የሚጠጉ አባት ነበሩ፤ ባና ደርበው፣ ዱላ ይዘው፣ በኮንጎ ጫማ ከፊታችን ይፈጥናሉ። ገብሱ ሊያሽት ደርሷል። ገብሱ ሲያልቅ የድንች ማሳ መጣ፤ ከድንቹ በላይ ደግሞ ሌላ ድንች። ሽቅብ በሄድን ቁጥር ማሳውም ሽቅብ ይሸሸን ጀመር። ማረሻው የት ላይ እንደሚቆም ለማወቅ ጓጓሁ።

ቆመ። የመጨረሻው ትልም አለ፤ ከትልሙ አንድ እርምጃ ወዲያ ጓሳው ይጀምራል። በዚያ መስመር ላይ ወዳጄ ቁጭ ብሎ ከቦርሳው ብሩሽ አወጣና የጫማውን ጭቃ ይፈገፍግ ገባ። ሳያስበው ነው፤ መርከቡ ያስለመደው ልማድ ነው። መንገድ መሪያችን ዱላቸውን ተደግፈው ትንሽ አዩትና፣

«ምነው ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ልትገባ ነው?» አሉት።

ሳቅን። ያቺ ጥያቄ ግን እስክንመለስ ድረስ ከእኔ አልተለየችም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሌላ አገር ነው። ጓሳው በጉብታ በጉብታ ቆሞ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል፤ ከሩቅ የሚንቀሳቀስ ውኃ ይመስላል። ጦስኙ ስትረግጠው ይሸታል። በጭጋጉ ውስጥ ደግሞ ጅብራዎቹ ቆመዋል፤ ሰው ናቸው ብለህ «እንደምን አደራችሁ» ልትላቸው ትቃጣለህ። ጅብራ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይበቅልም። ለብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ እንደ ጎመን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ ዘሩን ይበትንና ይሞታል። ወዳጄ በስልኩ የያዘውን ፎቶግራፍ አሳየኝ። በደቡብ ጆርጂያም የሰው ቁመት የሚያክል፣ በጉብታ በጉብታ የሚበቅል ሣር አለ፤ በደቡባዊው ውቅያኖስ ባሉ ሌሎች ደሴቶችም ቅጠላቸው እንደ ቆዳ የወፈረ ግዙፍ አበቦች ይበቅላሉ። ዘመድ አይደሉም። ብርድና ነፋስ ግን ያመሳስላቸዋል።

ከጭንቅላታችን በላይ አጥንት ከሰማይ እየጣለ ሰብሮ የሚበላው ትልቁ አሞራ አንድ ጊዜ ክንፉን ሳያርገበግብ አለፈ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ቁራ ምሳችንን ሊቀማ ዙሪያችንን ይዞራል። ቋጥኝ ሥር ተቀመጥንና በሶ በጥብጠን ጠጣን።

ወዳጄ አትላንቲክን ያቋረጠው ደሴት ሊያይ ነበር። አሁን የተቀመጥንበት ቦታም ደሴት ነው። በጥንቱ የበረዶ ዘመን የሰሜንና የባሌ ራሶች በበረዶ ክምር ተሸፍነው ሳለ፣ ይህ ጓሳና ይህ ቁር ዛሬ እህል በሚዘራበት ደጋ ላይ ሁሉ ተዘርግቶ ነበር። የብርድ አገር አራዊት ከተራራ ተራራ በሣር ላይ ይሄዱ ነበር። ዓለም ሲሞቅ ብርዱ ሽቅብ አፈገፈገ፤ ጓሳውም ከጫፍ ጫፍ ላይ ብቻ ቀረ። ጉና፣ ጮቄ፣ አቡነ ዮሴፍ፣ ሰሜን ሁሉም ተነጣጥለው የቀሩ ደሴቶች ሆኑ። በመካከላቸው ያለው ባሕር መጀመሪያ ሙቀት ነበር፤ አሁን ደግሞ እርሻ ነው። ባሕሩ ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል። የመጨረሻው ትልም የባሕሩ ዳርቻ ነው።

«አባባ፣ ቀይ ቀበሮ አለ እዚህ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ነበረ እንጂ» አሉ። «እኔ ከብት ሳግድ በበጎቹ መካከል ይሄድ ነበር። በግ አይነካም፤ የሚሻው አይጥ ነው።»

«መቼ ጠፋ?»

«ይህን ማን ይቆጥራል ልጄ? አለ ስንል ኖርን። ኋላ እናንተን የመሰለ ሰው መጥቶ ሲጠይቀን ነው የለም ያልነው።»

የሳቸው ምስክርነት አጥኚዎች ከሚሉት ጋር ይገጥማል። ጉና ላይ ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች ተመዝግበው ነበር፤ አሁን ግን በሰሜን ሸዋ ከሚገኘው ከጎሽ ሜዳ ጋር ቀበሮው ከጠፋባቸው ተራሮች ተርታ ተቆጥሯል። በመላው ዓለም የቀረው ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ሲሆን ሁሉም በኢትዮጵያ ነው፦ በሰሜን ተራሮች፣ በሰሜንና በደቡብ ወሎ፣ በመንዝ፣ በአርሲ፣ ከግማሽ በላይ ደግሞ በባሌ። የሚገድለው ጥይት አይደለም። ውሻ ይዞት የሚወጣው የእብደት በሽታ አለ፤ እርሻው መኖሪያውን ማጥበቡም አለ። ትልቅ ተራራ ላይ ግማሹ ቢሞት ግማሹ ይተካል። እንደ ጉና ባለች ጠባብ ደሴት ግን አንድ ክፉ ዓመት ይበቃል፤ ከአቡነ ዮሴፍ ተነሥቶ፣ ያን ሁሉ እርሻና ያን ሁሉ ውሻ አልፎ፣ ባዶውን ቤት የሚወርስ ዘመድ አይመጣም።

ደቡብ ጆርጂያ ላይ አይጥ በዝቶ ደሴት አጠፋ። ጉና ላይ አይጡ አለ፤ በላተኛው ነው የጠፋው።

*

በማግሥቱ ነፋስ መውጫ ገባን። ስሟን ያወጣላት ሰው አልዋሸም። ከዚያ ወደ ጨጨሆ ዘለቅን። ጨጨሆ የበጌምድር በር ነው፤ መንገዱ ከሁለት ገደል መካከል እንደ ወገብ ይጠብባል፤ ነጋዴም ሠራዊትም በዚያ በኩል ነው ያለፈው። ጭላዳዎቹን ያገኘናቸው በገደሉ ጫፍ ነው።

ከሌሊት ማደሪያቸው ከገደሉ ግድግዳ እየተሳቡ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዝንጀሮ ሆኖ ሣር ግጦ የሚኖር ከዚህ ዘር በቀር በዓለም የለም፤ የቅርብ ዘመዶቹ ሁሉ ጠፍተው እሱ ብቻ በእኛ ደጋ ቀርቷል። ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ሣር ይነጫሉ፤ ሲነጩም ያወራሉ። ሴቶቹ ያጉረመርማሉ፤ አውራው ጎፈሩን ነስንሶ፣ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ቆዳ ገልጦ፣ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ያሳያል። ወዳጄ ከልማዱ አምስት ሜትር ቆጥሮ ቆመና አይኑ እንባ አቀረረ። «እንደ ፔንግዊኖቹ ናቸው» አለኝ። «ይህ ሁሉ ወሬ፣ ይህ ሁሉ ቤተ ሰብ።»

አጠገባችን ጅራፍ የያዘ አንድ ልጅ ገብስ ይጠብቅ ነበር። ለምን እንደቆምን ጠየቀን። ስለ አምስቱ ሜትር ስንነግረው፣ «ለእናንተ ይሆናል» አለ፤ «እኔ ማሳ ጋ ግን ሃምሳ ሜትርም አይበቃ።» ጅራፉን አጮኸ፤ መንጋው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከገደሉ ላይ እንደ ውኃ ፈሰሰ።

ልጁ ተሳስቷል አልልም። ፔንግዊን የማንንም ገብስ አይበላም።

ጋይንት ውስጥ ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከናም የተባለ ወጣት ተጓዥ እዚሁ ቤተልሔም የምትባል ቦታ ደርሶ፣ በክቡ የሣር ክዳን ውስጥ ተሸሽጎ የኖረውን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን «አገኘሁ» ብሎ ለዓለም ጻፈ። ጥሩ አደረገ። ቤተልሔም ግን ለድጓ መምህራን ጠፍታ አታውቅም፤ ከአራቱም ማዕዘን ተማሪ ኮቾሮውን ይዞ እየመጣ ድጓውን የሚያስመሰክርባት ቦታ ናት። የማይታወቅ አገር የሚባለው ብዙ ጊዜ ጠያቂ ያጣ አገር ነው።

ከጋይንት ወደ ስማዳ ስትወርድ የምድሩ መልክ ይለወጣል። ደጋው በድንገት ይቆረጥና ከእግርህ በታች የበሽሎ ሸለቆ በአቧራ ጭጋግ ተሞልቶ ይታያል፤ ማዶው ወሎ ነው። አፈሩ ስስ ነው፤ ድንጋዩ ከአፈሩ ይበዛል። ዝናቡ ሲቀር በየቤቱ የሚነሣው የእርዳታ ስም «ሴፍቲኔት» ነው፤ በዚህ አገር ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ይህ ነው። አንድ አራሽ የማሳውን ርዝመት በእግሩ ለክቶ አሳየኝ። ከአባቱ ለአራት ወንድማማች የተከፈለ ነው። «እኔስ ለልጆቼ ምኑን ልቆርስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ጊዜ የጉና ትልም ለምን ሽቅብ እንደሚሄድ ገባኝ። ማረሻውን ወደ ጓሳው የሚገፋው ክፋት አይደለም፤ የጠበበ መሬት ነው። አራሹን ሳያዩ ስለ ቀበሮው ማልቀስ የመርከብ ላይ ሐዘን ነው።

*

ጉዟችን እስቴ ላይ አለቀ። የወዳጄ እናት ሰማንያን አልፈዋል። ቡና ተፈልቶ ቄጤማው ላይ ተቀመጥን፤ ድንች ቅቅል ከአዋዜ ጋር ቀረበ።

«ያን ያህል ገንዘብ ከፍለህ በባሕር መካከል ምን ፍለጋ ሄድክ ልጄ?»

«ወፍ ላይ ነው እማዬ።»

«ወፍ?» አሉ ሲኒውን እያስቀመጡ። «እዚህ ወፍ ጠፍቶ ነው?»

በማግሥቱ እሑድ ነበርና ቤተ ክርስቲያን ይዘውን ሄዱ። ደጀ ሰላሙ ጋ ስንደርስ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ከቅጥሩ ውጭ ያለው መሬት የታጨደ ማሳና የተጋጠ ግጦሽ ነው፤ ከቅጥሩ ውስጥ ደግሞ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ተደራርቦ ቆሟል። ወፉ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። በደቡብ ጎንደር እንዲህ ያለ ከአንድ ሺህ በላይ የቤተ ክርስቲያን ደን አለ፤ ከሰማይ የሚያዩት በደረቀ መሬት ላይ የተበተኑ አረንጓዴ ደሴቶች ይመስላሉ ይላሉ። ይህን ደን የጠበቀው ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ አይደለም። «የታቦት ነው» የሚለው ቃል ነው፤ ደጃፉ ላይ የሚወልቀው ጫማ ነው።

የመንገድ መሪያችን ጥያቄ ያን ጊዜ ተመለሰችብኝ። ወዳጄ የመጨረሻው ትልም ላይ ጫማውን ሲያጸዳ ሽማግሌው ቤተ ክርስቲያን ልትገባ ነው ያሉት ለቀልድ ነው። ግን እውነታቸውን ነበር። ወሰን አውቆ፣ እግርን አራግፎ፣ ከዚህ ወዲያ የእኔ አይደለም ብሎ መግባትን ይህ ሕዝብ ከፈረንጅ መርከብ የሚማረው ነገር አይደለም። ጉና ግን ደጀ ሰላም የለውም።

ታቦት ብቻም አይደለም። በመንዝ የአስቦና የገራ ዘሮች ጓሳቸውን ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት ጠብቀዋል፤ ሣሩን ለዓመታት ይዘጋሉ፣ ሲደርስ በአንድነት ከፍተው ለክዳንና ለግጦሽ ይከፋፈላሉ፣ የጣሰውን ይቀጣሉ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ኋላ ግን ሕዝቡ መልሶ አቋቋመው፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ጓሳው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተባለ። የመንዝ ገበሬ ከጋይንቱ የበለጠ ሀብታም አይደለም። ጓሳው ለቤቱ ክዳን፣ ለከብቱ መኖ እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው የጠበቀው፤ ቀበሮው በዚያ ጥላ ሥር ተረፈ።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ ገብቶ ያን መንገድ በሌላ ምክንያት ዓለም ሰማው። ስለ ጅብራ ማውራት ቅንጦት የሚመስልበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ። ሆኖም ሰላም ሲወርድ ገበሬው የሚመለሰው ወደዚያው ትልም ነው፤ ርብና ጉማራም የሚነሡት ከዚያው ጓሳ ሥር ነው። ጉናን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው ብሎ በወረቀት መከለል አንድ ነገር ነው። የላይ ጋይንት፣ የእስቴና የፋርጣ ሰው የመጨረሻው ትልም ይህ ነው ብሎ በራሱ ሽማግሌዎች ፊት ድንጋይ ሲተክል ግን ተራራው ደጃፍ ያገኛል፤ ጓሳውም ለሚጠብቀው ሰው ክዳንና መኖ መስጠት አለበት።

ጉና የምትወጡ ሁሉ የአገሩን ሰው መንገድ መሪ ያዙ፤ ዋጋውንም አትከራከሩት። ውሻ አታስከትሉ። ጅብራውን አትቁረጡ፤ የሚያብበው አንድ ጊዜ ነው። ከመጨረሻው ትልም ስትደርሱ ደግሞ ጫማችሁን አራግፉ። የሚስቅባችሁ ሽማግሌ ካለ ለምን እንደሆነ ንገሩት፤ እሱ ቀድሞ ያውቀዋል።